አሥራ ሦስተኛው ቤት

የተከበራችሁ ቄሶቻችን፤ ከሩቅም ከቅርብም ይህን ፀሐይ ችላችሁ የደረሳችሁ ሽማግሌዎቻችን፤ እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፤ ከፋብሪካው አስፈቅዳችሁ የመጣችሁ ባልደረቦቻችን፤ መብራት እህቴ፤ የይኄይስ ልጆች፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እኛንም ያጽናን።

ሸጋው እባላለሁ። የማያውቀኝ ካለ፣ እኔና ይኄይስ ወገራ ውስጥ በአንድ መንደር ተወልደን፣ በአንድ መንገድ ሱዳን ወርደን፣ እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት በአንድ ቀን የቤት ቁልፍ የተቀበልን ሰዎች ነን። ፋብሪካው ውስጥ ስድስት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ቆመናል። እሱ ሸሚዝ ያጥፋል፤ እኔ ካርቶኑን አሽጌ የሚሄድበትን አገር ስም እለጥፋለሁ።

ሽማግሌዎቹ ተናገር አሉኝ። ምን ልናገር? እንባ እንኳ የለኝም። ከትናንት ጀምሮ ዓይኔ ደርቋል። መብራት፣ ሳትታዘቢኝ አልቀረሽም። ወንድሙ ሞቶ ዓይኑ የማይረጥብ ምን ዓይነት ሰው ነው የምትሉም ትኖራላችሁ። እውነታችሁን ነው። እኔም ራሴን እየታዘብሁት ነው። እጄን ስነካው የእኔ እጅ አይመስለኝም።

ትናንት እንዲህ ሆነ። ከምሳ በኋላ ነው። ወደ ዴንማርክ የሚሄድ ጭነት ነበረብን። ይኄይስ አንዱን ካርቶን ሳብ አደረገና ተቀመጠበት። «ምነው፣ ደከመህ?» አልሁት። «ትንሽ» አለኝ። እኔ መለጠፌን ቀጠልሁ። እየለጠፍሁም አወራሁለት፤ ስለ ሙቀቱ መሰለኝ። አልመለሰልኝም። ይኄይስ ዝም የሚል ሰው ነው እንዴ? እናንተ ታውቁታላችሁ። ዝም ሲለኝ እንኳ አልባነንሁም። ዞር ብዬ ያየሁት አሥር ደቂቃ ያህል ከለጠፍሁ በኋላ ነው። አሥር ደቂቃ ለሞተ ሰው ሳወራ ቆየሁ። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ሌላ የማውቀው የለም።

እንግዲህ ስለ ሞቱ ይህን ያህል ነው። ስለ ኑሮው ልንገራችሁ።

ይኄይስ የአውሮፓን ማኅበር የሚከታተል ሰው ነበር። አትሳቁ። ወይም ሳቁ፤ እሱም ይስቅ ነበር። ሌላው ሰው የኳስ ቡድን ይከታተላል፣ የዘመዱን ፍርድ ቤት ይከታተላል። ይኄይስ ከልጁ ደብተር የተገነጠለ ካርታ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ ማን ገባ፣ ማን በር ላይ ቆመ እያለ በእርሳስ ያከብባል። መብራት «አውሮፓ ውስጥ ዘመድ አለህ ወይ?» ትለዋለች። «የማያውቁትን ሰው ዘመድ ማድረግ እንዴት እንደሚቻል እያየሁ ነው» ይላታል።

ነገሩ የተጀመረው በስሕተት ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ከፋሲካ በኋላ የአማርኛው ሬዲዮ፣ «የአውሮፓ ማኅበር አሥራ ሁለቱ አባላት ተሰበሰቡ» አለ። ይኄይስ ማኅበር ሲባል ምን ይምጣበት? እኛ የምናውቀው ማኅበር ነዋ! በዙር የሚደገስበት፣ ባለተራው ቤቱን ጠርጎ ጠላውን ጠምቆ አባላቱን የሚቀበልበት። አሥራ ሁለት አባላት ካሉ ባለተራ አለ። በማግስቱ ፋብሪካ ገባና አለቃችንን ዮታምን፣ በዚያች በምታውቋት ዕብራይስጡ፣ «ተራው የማን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ተራ በዕብራይስጥ ቶር ነው። ቶር ደግሞ የምግብ ሰልፍም ነው። ሰዓቱ የምሳ ሰዓት ስለሆነ ዮታም ሰልፉን የጠየቀው መሰለው። «ቶሩ ያንተ ነው፣ ግባና ብላ!» ብሎ ትከሻውን ይዞ ሾርባው ፊት አቆመው። ይኄይስ ሾርባውን እንደ ያዘ፣ «የለም፣ አልገባህም፤ ከአሥራ ሁለቱ አገሮች ዘንድሮ ደጋሹ ማን ነው?» አለ። ዮታም ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አገር ይደግሳል እንዴ? ይህ እኮ የመንግሥታት ጉዳይ ነው» አለው።

በማግስቱ ዮታም ጋዜጣ ይዞ መጣ። አልሳቀም። «ይኄይስ፣ ተራ አለ። በየስድስት ወሩ ይዞራል። አሁን ተራው የሉክሰምበርግ ነው» አለ። ዮታም ያውና እዚያ ቆሟል። ከምለው አንድ ቃል አይሰማም፤ ስሙን ስጠራ ግን ቀና አለ፣ አያችሁት?

ሉክሰምበርግ ማለት ካርታው ላይ ጣትህን ብታሳርፍባት የምትጠፋ አገር ናት። ይኄይስ ይህን ሲሰማ እንኳን ሸሚዝ ሊያጥፍ መቆም አቃተው። «ሸጋው፣ ትንሿ እኮ ናት! ጀርመንን፣ ፈረንሳይን፣ እንግሊዝን ሰብስባ ስድስት ወር ትመራለች!» በዚያው ሳምንት እኔን ከዕድራችን የዳኝነት ወንበር አስነሣኝ። አዎ፣ ዳኛው እኔ ነበርሁ፤ ከተመሠረተ ጀምሮ ማንም አልነካኝም። «በየስድስት ወሩ ይዙር» አለ። «ማን ያወጣው ሕግ ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሉክሰምበርግ» አለኝ። ሰው ባላየው አገር ወንበሩን ይነጠቃል? እኔ ተነጠቅሁ።

ዕድራችንን ለማታውቁት እንግዶች አንድ ቃል ልበል። እዚህ አገር ሬሳ የሚያጥብ፣ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ተመድቧል። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሐዘንተኛውን ግን ማን ያጎርሰዋል? ድንኳኑን ማን ይተክላል? ሰባቱን ቀን ማን አብሮት መሬት ይቀመጣል? ለዚህ ነው ስድስት ቤት ሆነን የጀመርነው። ስድስታችንም የወገራ ሰዎች፣ ስድስታችንም ዘመዳሞች። ይኄይስ ቆይቶ ሲያጣራ፣ አውሮፓዎቹም የጀመሩት ስድስት ሆነው ነው። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆመው!

ስድስት። ዘጠኝ። አሥር። አሥራ ሁለት። ሸሚዝ ሲያጥፍ ይህን ነበር የሚቆጥር። «ከስድስት ዘጠኝ ለመሆን አሥራ አምስት ዓመት ፈጀባቸው፣ ሸጋው። ከዘጠኝ አሥር ለመሆን ስምንት ዓመት። ከአሥር አሥራ ሁለት አምስት ዓመት። ችኮላ የለም። የሚፈልገው ይጠይቃል። ይቆያል። ይመከርበታል። ይገባል።»

እኛም እንዲሁ ሰፋን። ሦስት ቤት ከሰሜን መጡ፣ ዘጠኝ ሆንን። ከዚያ ትግርኛ ተናጋሪው ቤተሰብ ጠየቀ። ትዝ ይላችኋል፣ «በምን ቋንቋ ልንነጋገር ነው?» ብለን ስንቱን ሰዓት ተጨቃጨቅን! ይኄይስ ተነሣና፣ «እነዚያ በዘጠኝ ቋንቋ ይሰበሰባሉ፤ እኛ ለሁለት ቋንቋ ልንጣላ ነው?» አለ። አሥር ሆንን። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡት ሁለቱ ቤቶች ሲጨመሩ አሥራ ሁለት ሆንን። «ደረስንባቸው!» ብሎ ስብሰባው መካከል እስክስታ ወረደ።

ያን ዕለት ነው ለየቤቱ አገር ያደለው። ለእማማ ይሻሽ ኢጣልያን ቢሰጣቸው ከወንበራቸው ተነሡ። «ምን አልኸኝ? አባቴን የገደለው ጣልያን አይደለም ወይ? በስተርጅና ጣልያን ልታደርገኝ!» አሉት። «ይቅርታ እማማ፣ ይቅርታ፤ በሉ ቤልጅየም ይሁኑ» አለ። «ቤልጅየም ምን አድርጋለች?» «እርስዎን ምንም አላደረገችዎትም።» «እንግዲያው ይሁን» አሉ። እማማ፣ ይኸው እያለቀሱ ሳቁ። እኔ ሁለቱንም አልቻልሁም።

ለራሱ ሉክሰምበርግን ወሰደ። ለእኔ ፈረንሳይን ሰጠኝ። ደስ አለኝ። ትልቅ አገር ሰጠኝ ብዬ ለቤተሰቤ ሁሉ ነገርሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የዕድራችን ሰዎች፣ ሁለት ጊዜ ጠይቃችሁኝ ሁለት ጊዜ ዝም ብያችኋለሁ። አሁን ስሙኝ።

የዛሬ ዓመት ተኩል አግደው ዕድራችን ለመግባት ጠየቀ። የአገራችን ሰው ነው፣ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ከእስራኤል ሰሜን ወደዚህ ከተማ ተዛውሮ እኛው ፋብሪካ የገባ ነው። ሕጋችን ጥብቅ ነው። አዲስ ቤት የሚገባው ሁሉም ሲስማማ ነው፤ አንድ ሰው አይሆንም ካለ አይሆንም። አሥራ አንዱ ቤት እሺ አለ። አንድ ሰው አይሆንም አለ። ባለፈው የዳስ በዓል ማግስት እንደገና ጠየቀ። አሥራ አንዱ እሺ አለ። አንድ ሰው አይሆንም አለ። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ለምን?

ሱዳን መጠለያው ውስጥ ልጄ ሞተችብኝ። ስንታየሁ ትባላለች። አራት ዓመቷ ነበር። ያን ጊዜ አይሁድ መሆናችንን ደብቀን ነው የምንኖር፤ የታወቀበት ይወሰዳል። በጠራራ ፀሐይ ቀበርናት። ይኄይስ በቆርቆሮ ሳህን ቆፈረ፣ እኔ አፈሩን በእጄ ዛቅሁ። ሁለት ሰው። ለልጄ ቀብር የወጣው ሁለት ሰው ነው። የአግደው ድንኳን ከእኔ ድንኳን አጠገብ ነበር፤ ከዚህ እስከዚያ አጥር ግማሹን አይሞላም። ይዣት ስወጣ አየኝ። ከዚያ የድንኳኑን መጋረጃ አወረደው። አልወጣም።

ልጄን ያልቀበረ ሰው የቀብር ዕድሬ ውስጥ ምን ያደርጋል? ይኸው ነው ምክንያቴ። ዘጠኝ ዓመት ይዤዋለሁ። ሌላ ምንም የለበትም።

ይኄይስ ያውቃል። አብሮኝ ቆፍሮ እንዴት አያውቅ? አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለኝ። ተቆጣሁት። ከዚያ ወዲህ ተረት አልተረተብኝም። አግደውን ግን በተመለሰ ቁጥር እቤቱ ሄዶ ያጽናናው እንደነበር ሰምቻለሁ። «አይዞህ፣ እንግሊዝ እንኳ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች፤ በሦስተኛው ገባች» ይለው ነበር አሉ። ባለፈው ወር ደግሞ አውሮፓዎቹ ዴንማርክ ላይ ተሰብስበው፣ የምሥራቆቹም አገሮች ደንቡን ካሟሉ ይግቡ ብለው ወሰኑ። ይኄይስ ይህን ከሬዲዮ ሰምቶ ፋብሪካው በር ላይ ጠበቀኝ። «ሸጋው፣ እነዚህ እኮ መድፍ ተደጋግነው የኖሩ ናቸው!» አለኝ። እኔ የሥራ ሰዓት ካርዴን መትቼ ገባሁ። ወዴት ሊወስደኝ እንደሆነ ገብቶኛል።

ከትናንት ወዲያ፣ ሰኞ፣ ምሳ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ሸጋው፣ ለምን ፈረንሳይ እንዳልሁህ ታውቃለህ?» አለኝ።

«ትልቅ ስለሆንሁ ነዋ።»

«እንግሊዝን ሁለት ጊዜ ከበር የመለሰቻት ፈረንሳይ ናት። አግደው ሲጠይቅ አንተም በር እንደምትዘጋበት ያኔ አውቄ ነበር።»

ዳቦው አፌ ውስጥ ቀረ። «እንዴ! ሁለት ዓመት ስትሰድበኝ ነበር?» አልሁት።

«ሁለት ዓመት ስጠብቅህ ነበር» አለኝ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንግሊዝ በመጨረሻ የገባችው ያ አይሆንም ያለው ሰውዬ ከሥልጣን ወርዶ፣ ሞቶ ከተቀበረ በኋላ ነው። እኔ ያንን አልፈልግም። አንተ ስትሞት አግደው እንዲገባ አልፈልግም። ቁመህ፣ በሕይወትህ፣ እጅህን አንሥተህ አስገባው» አለኝ።

«ያን ዕለት አልወጣም» አልሁት።

«ሰባት ልጆቹን አፍ አፋቸውን ይዞ ነበር። አንዱ ቢያለቅስ ጠባቂዎቹ ይመጡ ነበር። ለእሱም፣ ለእኔም፣ ለአንተም።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅህ ታዲያ?»

«ማወቅ ሌላ ነው» አልሁት። «ዓርብ እንነጋገራለን» ብዬ ተነሣሁ። የአግደው ጉዳይ ለሦስተኛ ጊዜ የሚታየው ዓርብ ጠዋት ነበር። ከነገ ወዲያ ማለት ነው።

ይኄይስ፣ ምነው? ችኮላ የለም ስትለን የኖርህ አንተ አይደለህም ወይ? ሦስት ቀን ምን ነበረባት? አራቱ አገሮች፣ ኦስትሪያ፣ ስዊድን፣ ፊንላንድ፣ ኖርዌይ፣ ገና በር ላይ ቆመዋል። መግባታቸውን ማን ይነግረኛል? ነገ ጠዋት ካርቶን ፊት ስቆም ማን ይቆጥርልኛል? አንተ እኔ እንዳልሞት ስትሰጋ፣ የሞትኸው አንተ ሆንህ። ይህ እንዴት ያለ ነገር ነው? ደጋግሜ አስበዋለሁ፤ ውስጤ አይገባም። በር ላይ እንደ ቆመ ሰው እዚያው ይቆማል።

ዛሬ ጠዋት ከብሎካችን ፊት ድንኳን ስንተክል ነበር። ሥራው የአሥራ ሁለቱ ቤት ነው። እኔ የትልቁን ምሰሶ አንድ ጫፍ ያዝሁ። ሌላውን ጫፍ ማን እንደ ያዘው አላየሁም። አነሣነው፣ ጉድጓዱ ውስጥ አቆምነው፣ ድንጋይ ጠቀጠቅንበት። ቀና ስል አግደው ነው። ማን ጠራው? ማንም። ሁለት ጊዜ ዕድር አይገባም ለተባለ ሰው ምሰሶ መያዝ ምን ግዴታ አለበት? እሱ አግዳሚ ወንበር ሊያወርድ ሄደ፤ እኔ ገመድ ሳስር ቆየሁ። አሁን ያ አጥር ጥግ ቆሟል፤ ከሰው ተለይቶ።

የዕድራችን ሰዎች፣ ሐዘን ቤት ነንና ዓርብ ስብሰባ የለም። ስብሰባው እዚሁ ይሁን። አሥራ አንዳችሁ ሁለቱንም ጊዜ እሺ ብላችኋል። የቀረው የእኔ ነው። እጄን ይኸው አንሥቻለሁ። እዩት። ጸሐፊው ይመዝግብ።

ይቅር ብያለሁ ብዬ መቃብርህ ላይ አልዋሽም፣ ይኄይስ። ውሸት አትወድም። እውነቱን ለመናገር ምንም አይሰማኝም፤ ቂሙም አይሰማኝም፣ ፍቅሩም አይሰማኝም፣ አንተም ገና አልተሰማኸኝም። አንድ ቀን ይሰማኝ ይሆናል። ያ ቀን እስኪመጣ ግን አልቆይም። ቆይቼ አየሁት፤ አንተ አመለጥኸኝ።

ደኅና ሁን፣ ወንድሜ። በቆርቆሮ ሳህን ልጄን ያሳረፍህልኝ፣ ደኅና ሁን። እዚያ ስታገኛት አንገቷ ላይ ባለው ክር ታውቃታለህ፤ አንተው ነህ ያሰርህላት። አባትሽ አርጅቷል፣ ግን ሰው አላጣም በላት። መብራትን አደራ አትበለኝ፤ ሳትለኝ የእኔ ናት። ልጆችህም የእኔ ናቸው። ሂድ በሰላም።

እንግዲህ እኔ በዚህ አካፋ ድርሻዬን ሦስት ጊዜ አፈር አልብሼዋለሁ። የዚህን አገር ልማድ ታውቃላችሁ፤ በቀብር ላይ አካፋ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጣጡም። አንዱ መሬት ላይ ያኖረዋል፣ ሌላው ጎንበስ ብሎ ራሱ ያነሣዋል። ሐዘን ከሰው ወደ ሰው እንዳይተላለፍ ነው ይላሉ። እኔ ይኸው እዚህ አኑሬዋለሁ።

አያ አግደው፣ ለምን እዚያ ይቆማሉ? ይምጡ፣ ያንሡት። አብረን እንቅበረው።